ሁለት እውነት ተሰፍቶ ውሸት ሲሆን
(ከዐስር ሰላት በኋላ በመድረሳ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)





ዛሬ የያዝነው ርዕስ ከመድረሳ አስተማሪ የሚጠበቅ ላይመስል ይችላል። ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን ነው። በተለይ ደግሞ ምስል እንዴት እንደሚቀረጽ፣ እንዴት እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚገጣጠም ነው። እኛ ፊልም ሠሪዎች አይደለንም፤ ካሜራ ይዘን አልተማርንም። ወደዚህ ርዕስ የገፋን ደረሶቻችን ደጋግመው የሚሉን አንድ ነገር ነው። አንድ ወሬ ሲያመጡልንና ከየት እንዳገኙት ስንጠይቃቸው፣ «ኡስታዝ፣ በዓይናችን አየነው እኮ!» ይሉናል። በዓይን ታየ ከተባለ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። ግን እስቲ አብረን እንጠይቅ፦ ዓይናችን ያየው ነገሩን ነው ወይስ የነገሩን ቁራጭ? ቁራጩን የቆረጠውስ ማነው? ከምንስ ጋር ሰፋው?

ከምናውቀው እንጀምር

ቁርኣን የቀራ ሁሉ ወቅፍን ያውቃል። የት ቆሞ መተንፈስ እንደሚቻል፣ የት መቆም ትርጉም እንደሚያበላሽ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። በሙስሐፉ ላይ ከቃላቱ ከፍ ብለው የተቀመጡት ትናንሽ ምልክቶች ለዚሁ ናቸው። «ላ» ያለበት ቦታ «እዚህ አትቁም» ማለት ነው። በሱረቱል ማዑን ውስጥ ስለ ሰጋጆች የመጣውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ትንሹ ደረሳችን ሳይቀር በቃሉ ይዞታል። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከሰላታቸው በሚዘነጉት ላይ ነው። አንድ ሰው ግን አራተኛው አንቀጽ ላይ አቁሞ ሙስሐፉን አጥፎ ቢሄድ፣ የሰማው ሰው ማስጠንቀቂያው በሰጋጅ ሁሉ ላይ የመጣ ይመስለዋል። ሰውዬው አንዲት ፊደል አልጨመረም። ከአፉ የወጣው ሁሉ ከቁርኣን ነው። ጥፋቱ አጉል ቦታ ላይ ማቆሙ ብቻ ነው።

የራሳችንን ቋንቋም እንመልከት። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ «አይደለም» የምትለዋም ቃል እንዲሁ። አንድ ሸይኽ ተነስተው፣ «ድንጋይ መወርወር ተገቢ ነው የሚል ሰው ከእኛ አይደለም» አሉ እንበል። ቪዲዮውን የሚያዘጋጀው ሰው ከአራተኛው ቃል በኋላ ቢቆርጠውስ? «ድንጋይ መወርወር ተገቢ ነው።» ድምፁ የሸይኹ ነው። ፊቱ የሸይኹ ነው። ቃሉም ከአፋቸው የወጣ ነው። ሐሳቡ ግን የመቀሱ ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ንግግሩ እስከ ነጥቡ ድረስ ካልተሰማ ምን እንዳለ ገና አልታወቀም።

በሐዲስ ትምህርትም ይህን የሚመስል ነገር አለ። ዑለማዎቹ ውሸታም ዘጋቢን በአንድ ወገን አስቀመጡት። ሌላ ዓይነት ሰው ደግሞ አለ፤ አይዋሽም፣ ነገር ግን በጆሮው ያልሰማውን የሰማው እንዲመስል አድርጎ ያወራል። «ነገረኝ» አይልም፤ «ከእገሌ እንደተወራው» ብቻ ይላል፤ መሃል ላይ የጎደለውን ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህን ተድሊስ አሉት። እንዲህ ያለው ሰው «ራሴ ሰማሁ» ብሎ በግልጽ ካልተናገረ በስተቀር ዘገባውን አንቀበልም አሉ። ልብ እንበል! መርማሪዎቹ የተናገረውን ቃል ብቻ አልመረመሩም። በሁለት ቃል መካከል ያለውን መጋጠሚያም መርምረዋል። ዛሬ በምስል ላይ የምንፈልገው እውቀት ይኸው ነው።

አንድ ፊት፣ ሦስት ስሜት

ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት በሩሲያ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የፊልም መምህር ነበር። ይህ ሰው ኢቫን ሞዡኺን የተባለውን የታወቀ ተዋናይ ፊት የሚያሳይ አንድ ቁራጭ ፊልም ወሰደ። ፊቱ ሐዘንም ደስታም አይታይበትም። ይህንኑ ቁራጭ ከሦስት የተለያዩ ምስሎች ጋር አገጣጠመው፦ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር፣ ከምትጫወት ትንሽ ልጅ ጋር። ስለ ሙከራው የጻፈው ባልደረባው ፑዶቭኪን እንደሚለው ተመልካቾቹ በተዋናዩ ችሎታ ተደነቁ። ሾርባውን ሲያይ እንዴት እንደሚያስብ፣ ሬሳውን ሲያይ እንዴት እንዳዘነ፣ ልጅቷን ሲያይ እንዴት እንደተደሰተ ተናገሩ። ፊቱ ግን ሦስቱም ጊዜ ያው አንዱ ፊት ነበር።

ረሃቡንና ሐዘኑን ማን ፈጠረው? ተዋናዩ አይደለም። ሾርባውም አይደለም። የፈጠረው ተመልካቹ ራሱ ነው፤ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲመጡለት በመካከላቸው ድልድይ ዘረጋ። የቅንብር ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። ሰው የነገሩትን ሊጠራጠር ይችላል፤ ራሱ የደረሰበትን መደምደሚያ ግን አይጠራጠርም። አዘጋጁ ዝም ይላል፣ እኛ እንናገርለታለን።

ከመቀሱ በፊት ያለው ምርጫ

መቁረጥና መስፋት ከመምጣቱ በፊትም ብዙ ምርጫ አለ። ካሜራ መስኮት ነው፤ መስኮት ደግሞ ግድግዳ አለው። ሃያ ሰው ቀረብ ተደርጎ ሲቀረጽ ሺህ ይመስላል። ሺህ ሰው ከዳር ሲቀረጽ ሃያ ይመስላል። ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ሰው ይገዝፋል፤ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ያንሳል። ሌኒ ሪፈንስታል የናዚ ፓርቲ በ1934 በኑረምበርግ ያደረገውን ጉባኤ ስትቀርጽ ይህን በሚገባ ተጠቅማበታለች። በ1935 በወጣው ፊልሟ መግቢያ ላይ የሂትለር አውሮፕላን ከደመና ውስጥ እየሰነጠቀ ይወርዳል። ከዚያ ሰልፍ፣ ባንዲራና ከሥር ወደ ላይ የተቀረጸ መሪ ይከተላል። ጉባኤው በእርግጥ ተካሂዷል። ሰውየውን ከሰው በላይ ያስመሰለው ግን ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው።

የምስሉ መልክም ራሱ ይናገራል። ጂሎ ፖንቴኮርቮ በ1966 ስለ አልጄሪያ የነፃነት ትግል በሠራው «የአልጀርስ ጦርነት» በተባለው ፊልም ሆን ብሎ ጥቁርና ነጭ፣ ሻካራና የሚንቀጠቀጥ ምስል መረጠ። ያየው ሰው የዜና ካሜራ በቦታው ተገኝቶ የቀረጸው መሰለው። በመሆኑም ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሲታይ አንዲት ጫማ የዜና ፊልም እንኳ እንዳልገባበት የሚገልጽ ማስታወቂያ ተደረገበት። ከዚህ የምንማረው፣ የሚንቀጠቀጥና የደበዘዘ ምስል ለእውነተኛነቱ ማስረጃ እንደማይሆን ነው። በስልክ የተቀረጸ የሚመስል ሁሉ በድንገት የተቀረጸ አይደለም።

ታዲያ ካሜራ ሁሉ አታላይ ነው እያልን ነውን? በፍጹም! ብዙዎቻችን የምናውቀውን፣ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በ1976 ያወጣውን «አር-ሪሳላ» የተሰኘ ፊልም እናስታውስ። ሶሪያዊው አዘጋጅ የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ ሲያቀርብ እሳቸውን አያሳይም፤ ድምፃቸውንም አያሰማም። እሳቸው ሊቆሙ በሚገባበት ቦታ ካሜራውን አቆመ። ተዋንያኑ ወደ ካሜራው ተመልክተው ይናገራሉ። በስደተኞቹና በሐበሻው ነጃሺ ፊት የሆነውንም በዚያው ፊልም አይተናል። ይህም መተው ነው፤ ከመስኮቱ ውጪ ማድረግ ነው። ነገር ግን ምን እንደተተወና ለምን እንደተተወ ከፊልሙ መጀመሪያ ላይ ለተመልካች ተነግሯል። ተነግሮ የተተወና ተደብቆ የተቆረጠ አንድ አይደሉም። አንዱ አደብ ነው፤ ሌላው ተድሊስ ነው።

የመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። በወሎና በአካባቢው በ1965 ከባድ ረሃብ ነበር። አባቶቻችንና አያቶቻችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በየመንገዱ ዳር ወድቀዋል። መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ገብቶ ቀረጸ። ፊልሙም «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ስም በ1966 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ።

አንድ ዓመት ያህል አለፈ። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ለማውረድ ተሰናድቷል። በመስከረም 1 ቀን 1967፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ነገር ግን ያው ፊልም አልነበረም፤ አዲስ ስፌት ገብቶበታል። ከሚሞቱት ሰዎች ምስል መሃል መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የመጠጥ ብርጭቆ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ቁርጥራጮች ተሰክተዋል። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን፤ ቀጥሎ ሥጋ የሚበላ ውሻ። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ መኮንኖች ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃውን ቃል አነበቡ፤ ጃንሆይም በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

እስቲ ይህን በጥንቃቄ እንመርምር። ረሃቡ ውሸት ነውን? አይደለም። ግብዣው ውሸት ነውን? አይደለም። መንግሥት ረሃቡን መደበቁስ? እውነት ነው፤ ሕዝቡም ሊቆጣ ይገባው ነበር። ታዲያ ስፌቱ ምን አደረገ? ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ያ ግብዣ የተቀረጸው መቼ እንደሆነ ማንም እንዳይጠይቅ አደረገ፤ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲመጡ ዓይን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የሆኑ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን አጠበበው። ገበሬውን ለዚህ ያበቃው ምንድነው? መሬቱ የማን ነበር? እህሉ ለምን አልደረሰም? ስለ ረሃቡ ያወቁት ባለሥልጣናት ለምን ዝም አሉ? እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳህን ሥጋ ተሸፈኑ። «ሰውየው ይውረድ፣ ረሃቡም አብሮ ይወርዳል» የሚል ስሜት ብቻ ቀረ።

ሰውየው ወረዱ። ረሃቡስ?

አሥር ዓመት ቆጥረን በ1977 እንገናኝ። ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድምቀት አከበረ፤ በወሎና በትግራይ ደግሞ ሕዝብ እያለቀ ነበር። የትናንቱ ከሳሽ ዛሬ እሱ ራሱ ደባቂ ሆነ። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ ከኮረም አሰማ። ምስሉን የቀረጸው ሙሐመድ አሚን ነው፤ ናይሮቢ የተወለደ የኬንያ ሰው። ያንን ዘገባ ያያችሁ ካላችሁ አቀራረጹን አስታውሱ። ጎህ ሲቀድ ነው። ካሜራው አይቸኩልም። ሜዳ ላይ በተኮለኮለው ሕዝብ ላይ በዝግታ ያልፋል። ተናጋሪውም ጥቂት ቃል ይናገርና ዝም ይላል። ውሻ የለም፣ ብርጭቆ የለም፣ ድግስ የለም። አዘጋጆቹ ለተመልካቹ ማየት የሚችልበት ጊዜ ሰጡት። ዓለምም ተንቀሳቀሰ።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ይህንንም በዚያው ሚዛን እንመዝነው። ከዚያ መስኮት ውጪ የቀረ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጦርነቱ። ያን ዘገባ ብቻ ያየ ሰው ረሃቡን ያመጣው የሰማይ መድረቅ ብቻ ይመስለዋል። መሬቱን ያደረቀው ሰማዩ ይሁን፤ መንገዱን የዘጋውና እህሉን ያስቀረው ግን ጠመንጃም ጭምር ነበር። ስለዚህ ቅን ካሜራም ቢሆን ጠርዝ አለው። ከጠርዙ ባሻገር ምን እንዳለ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለ እኛ የተሠራው

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ቅርቡ ጊዜ እንምጣ። በጥር 28 ቀን 2005 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም ቀረበ። ብዙዎቻችን ያን ምሽት የት ተቀምጠን እንደነበር አንረሳውም። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ላይ ያለ ወንድሞቻችን በእስር ሳሉ የተናገሩት ቃል ቁርጥ ቁርጥ እያለ ታየ። ከእሱ ጎን ደግሞ የሌላ አገር ታጣቂዎች፣ የናይጄሪያው፣ የሶማሊያው፣ መሣሪያቸውን አንግበው መጡ።

እዚህ ላይ ለቁጣ መቸኮል ቀላል ነው። እኛ ግን አስተማሪዎች ነንና ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ፊትና ያ ጠመንጃ በአንድ ቦታ ተገናኝተው ያውቃሉ ወይስ የተገናኙት በቅንብር ክፍል ውስጥ ብቻ ነው? የሚናገረው ሰው ይህን ሲናገር ጠያቂው ማን ነበር? ጥያቄው ምን ነበር? ከዚህ ዓረፍተ ነገር በፊት ምን አለ? ከዚያ በኋላስ? ሙሉው ቀረጻ የት ነው ያለው? ጠያቂው፣ ካሜራ ያዡና የበሩን ቁልፍ የያዘው በአንድ ወገን ሲሆኑ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው «ቁም፣ አልጨረስኩም» ማለት ይችላልን?

አንድ ቴክኒክ ደግሞ እንወቅ። የአንድ ሰው ንግግር መሃሉ ሲቆረጥ ጭንቅላቱ ድንገት ዘለል ይላል፤ ዓይን ወዲያው ያየዋል። ያን ዝላይ ለመደበቅ አዘጋጆች በመጋጠሚያው ላይ ሌላ ምስል ይደርቡበታል፤ እጅ፣ ሕንፃ፣ የሚሄድ ሕዝብ፣ ወረቀት። ድምፁ ሳይቋረጥ ስለሚሄድ አንድ ወጥ ንግግር የሰማን ይመስለናል። ይህ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የሙያው ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ክፋት የለበትም። ነገር ግን ንግግሩ በሰው ላይ ክስ የሚሆን ከሆነ፣ ምስሉ ከተናጋሪው ፊት ላይ በተነሳ ቁጥር ጆሯችንን እናቁም። መጋረጃው የወረደው መርፌው በሚሠራበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ስለ አዘጋጆቹ ልብ አንናገርም፤ የልብ ዐዋቂው አላህ ነው። እኛ የምንይዘው ስፌቱን ነው።

መስተዋቱን ወደ ራሳችን

እስካሁን የተናገርነው ጭብጨባ ሊያመጣ ይችላል። አሁን የምንናገረው ግን ከባድ ነው። ወደዚህ የመጣነውም በዋናነት ለዚህ ነው።

አንድ የጁሙዓ ማታ አንድ ደረሳችን ስልኩን ይዞ እያለቀሰ መጣ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች በአንድ መስጂድ በር ላይ ሰው ይደበድባሉ። ከሥሩ በአገራችን ያለ የአንድ ከተማ ስም ተጽፎበታል፤ «አሁን የደረሰን» ይላል። አየነው፤ ደማችን ፈላ። ሰነድ የምናስተምረው እኛ፣ ከማን እንደመጣ ሳንጠይቅ፣ ለምናውቀው ሁሉ አስተላለፍነው።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በዚያ ከተማ ሱቅ አለው። ቪዲዮው በጎረቤት ስልክ ደረሳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም። ከሱብሒ በኋላ የቤት ወጪ ብለው ያስቀመጡትን ብር ይዘው መናኸሪያ ወረዱ።

ረፋዱ ላይ ሌላ ደረሳችን ቪዲዮውን ደግሞ ሲያይ ዝም አለ። «ኡስታዝ፣ መኪናዋን እዩአት» አለን። ከኋላ አንዲት መኪና ታልፋለች። የምትሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። በእኛ አገር መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው! የሱቁ ሰሌዳም በማናውቀው ፊደል የተጻፈ ነው። ድብደባው እውነት ነው፤ ተደብዳቢዎቹም ወንድሞቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። ቦታው ግን የእኛ አገር አልነበረም። አንድ ሰው ከእውነተኛ ምስል ሥር እውነተኛ የከተማ ስም ጻፈበት። ሁለት እውነት ተሰፍቶ አንድ ውሸት ሆነ፤ ያሰራጨነውም እኛ ነን።

እናታችን በማግስቱ ተመለሱ። ልጃቸውን ሱቁ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ አግኝተውታል፤ አልሐምዱሊላህ። ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። አልተቆጡንም። ቡና አፈሉልን። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔስ ልጄን በሰላም አገኘሁት። ግን ነገ እውነተኛው የመጣ ቀን በምን ልመናችሁ?»

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጥያቄ የምንመልስበት ቃል አጣን። የተገፋ ሰው ያለው ሀብት ቃሉ ብቻ ነው። ጋዜጣ የለውም፣ ጣቢያ የለውም። ሰው «እነዚህ ሰዎች ካሉት እውነት ነው» ብሎ ካላመነው ምንም አልቀረውም። ያንን አማና በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከጣልነው ማንም አልወሰደብንም፤ ራሳችን ሸጥነው። «እነሱም እኮ ይቆርጣሉ» ማለት መልስ አይሆንም። ሰው ሲሰርቅ አይተን መስረቅ አልተፈቀደልንም። በቀጣዩ ሰላት ተነስተን ስህተቱ የእኛ መሆኑን በጀመዓው ፊት ተናገርን። አሳፍሮን ነበር፤ ግን ከዚያ የቀለለ መንገድ አላገኘንም።

ከዛሬ ጀምሮ

ስለዚህ የሚከተሉትን ይዘን እንሂድ።

ስንመለከት፣ አንድን ፊልም ሦስት ጊዜ እንየው። አንደኛ ድምፁን አጥፍተን እንየው፤ ያን ጊዜ ሙዚቃውና ተራኪው ያለበሱን ስሜት ይወልቃል፣ ምስሉ ብቻውን ምን እንደሚያሳይ እናያለን። ሁለተኛ ዓይናችንን ጨፍነን እንስማው፤ ያን ጊዜ ተናጋሪው በትክክል ምን እንዳለና ዓረፍተ ነገሩ የት እንደተቆረጠ እንሰማለን። ሦስተኛ ምስሉ በተለወጠ ቁጥር ጣታችንን እየቆጠርን እንየው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ፣ «ይህና ያ አንድ ቀን ነበሩ? አንድ ቦታ ነበሩ? ማን አገናኛቸው?» እንበል። ደረሶቻችን ይህን በአንድ የዜና ሰዓት ሞክረውት፣ «ኡስታዝ፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ማየት አልቻልንም» ብለውናል። ማሻአላህ፣ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ስንቀርጽ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀኑንና ቦታውን በድምፃችን እንናገር። ሰው የሚያውቀውን ሰሌዳ ወይም ሕንፃ አብረን እናስገባ። ዋናውን ቀረጻ ሳንነካ እናስቀምጥ። ተናጋሪን ነጥቡ ላይ ሳይደርስ አንቁረጥ፤ ማሳጠር ካለብን የቆረጥንበት ቦታ እንዲታይ እናድርግ። የቆየ ምስል ስንጠቀም «የቆየ ነው» ብለን እንጻፍበት። አንድን ሰው ከጉዳት ለመጠበቅ ፊቱን ብንሸፍን፣ የሸፈንነው እኛ መሆናችንን እንናገር። ሐዘኑን ለማብዛት ሙዚቃ አንጨምር፤ በእውነት ያለቀሰች እናት የሙዚቃ እርዳታ አያስፈልጋትም።

ያልተረጋገጠ ነገር ሲደርሰን ደግሞ ጣታችን ትጠብቅ። አንድ ሰዓት የዘገየ እውነት አይበላሽም። አንድ ሰዓት የቀደመ ውሸት ግን አንዲትን እናት መናኸሪያ ያወርዳል።

ድምፃችን ይሰማ ስንል ኖረናል። ድምፃችን እንዲሰማ መጀመሪያ ሊታመን ይገባል። አላህ ዓይናችንን ስፌቱን የሚያይ፣ እጃችንን ከስፌቱ የሚቆጠብ፣ አንደበታችንንም እስከ ነጥቡ የሚናገር ያድርግልን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።